አራተኛው ልባስ

እኔ ሕዝቅኤል ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ኮሌጅ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ በአጭሩ «የለም» ማለት ነው። መምህራኑ ያለውንም የለም ይላል እያሉ ያሙኛል፤ ይሙኝ። ግማሽ ሊትር አልኮል ፈርሞ የጠየቀ ግማሽ ሊትር ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ አንዲት ጠብታ ከእጄ አትወጣም። በዚህ ጠባዬ ዕድሜ ልኳን ስትስቅብኝ የኖረችው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ረዳቷ ውዴ ናት። አንተን ገበያ ቢያስቀምጡህ ዝንብ እንጂ ሰው አይመጣብህም ትለኝ ነበር። አሁን እሷ ራሷ ገበያ ተቀምጣለች። ስለ እሷ ልጽፍ የተነሣሁት በቅርቡ አይቻት ስለመጣሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ተናድጃለሁም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም አልለየልኝም።

ውዴ የመሸንቲ ልጅ ናት። እናቷ እትዬ አደይ በመሸንቲ ገበያ ምስርና ሽምብራ እየሰፈሩ ነው ያሳደጓት። ጣሳው ይሞላል፣ አፉ ላይ ይቆለላል፣ የገዢዋ ዘንቢል ውስጥ ይገለበጣል፤ በዚያ ላይ አንድ እፍኝ ምርቃት ይጨመራል። ምርቃት የማይጨምር ነጋዴ የለም፤ ባይጨምር ማን ይመለስበታል። እትዬ አደይ ግን ከሰው የተለየ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ የጆንያ ሥር ቤት አይገባም ይሉ ነበር። ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ለሚመጣው ለመጨረሻው ገበያተኛ የጠየቀው ከተሰፈረለት በኋላ ጆንያው ውስጥ የቀረው ሁሉ ተራግፎ ይሰጠዋል። ገበያተኛው ሐዘንተኛ ከሆነማ ነገሩ አይጠየቅም። ጆንያውን በሁለት ጥግ ይዛ የምታራግፈው ውዴ ነበረች። ይህን ስታወራ ፊቷ በርቶ፣ ያ የምስር አቧራ አሁንም አፍንጫዋ ውስጥ ያለ ይመስል ታስነጥሳለች።

ባሕር ዳር የመጣችው ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ነው። ልጅ አልወለደችም። ኮሌጁ በጽዳት ቀጠራት፤ ማታ ማታ እየተማረች አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ከመጥረጊያ ወደ ብርጭቆ ማጠብ፣ ከብርጭቆ ማጠብ ወደ ሚዛንና ወደ እቶን አደገች። ልክ ታውቃለች፤ ልኩ ላይ መቆም ግን አይሆንላትም። ለዘበኛው ሻይ ስትቀዳ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳይጠይቅ ታስከትልለታለች። ተማሪ የተጣራ ውኃ ሲለምናት ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ትሞላለታለች። ለእሷ ክፍል ብዬ በሰጠኋት ሳሙና የጎረቤቱን ክፍል መስኮት አጥባ ትመለሳለች። ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ስጮህባት ቆይታ ቆይታ የምሳ ዕቃዋን ትከፍትና ግማሹን ወደ እኔ ትገፋዋለች፤ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልቆጣ።

ክንዱ የመጣው እሷ ወደ ጡረታዋ እየተቃረበች ሳለ ነው። የማክሰኝት ሰው ነው፣ ከሐይቁ ማዶ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ መምህር። እያስተማረ ዶክትሬቱን ይሠራ ነበር። ውዴ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ዶክተር» ብላ ጠራችው። እትዬ፣ ገና ነኝ እኮ ቢላት፣ ለአፌ ልለማመደው ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ ኮሌጁ በሙሉ ዶክተር ይለው ጀመር። እሱም መጀመሪያ ያፍር ነበር፤ በኋላ ለመደው። ያ ስም ገና ሳይደርስበት የተለመደ ስም መሆኑን ሁላችንም ረሳነው።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። አንድ ፈሳሽ ሁለት ቀን ሲበስል ይቆያል፤ መልኩ የቀጠነ ሻይ ይመስላል። የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ክሪስታል ማሾሪያው ላይ ትቀመጣለች። ውዴ ከፈሳሹ አንዲት ጠብታ መሃሏ ላይ ትጥላለች፤ ማሾሪያው ሲሾር ጠብታዋ ተዘርግታ ዓይን የማያያት ስስ ልባስ ትሆናለች። በጋለ ብረት ላይ ትደርቃለች፣ ሌላ ጠብታ ይደገምባታል፤ በመጨረሻ እቶን ገብታ በቀስታ ትግላለች፣ በቀስታ ትቀዘቅዛለች። ጠብታዋ አረፋ ካላት ሁሉም ነገር ይበላሻል። ክንዱ ራሱ ስንቴ አበላሽቷል። ውዴ አረፋ ጥላ አታውቅም፤ ትንፋሿን ይዛ ስትጥል እኔ እንኳ በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ክንዱን የጠየቅኩት አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ዓሣ ስንበላ ነው። እኔ የምፈርምለትን ዕቃ ምንነት ባላውቅ ያመኛል። እጁን ታጥቦ፣ የዓሣውን አጥንት በሳህኑ ዳር እየደረደረ አስረዳኝ። ልባሱ ኦክሳይድ ነው፤ ባሪየም ታይታኔት ይሉታል። አተሞቹ በመደዳ በመደዳ እንደ ሳጥን ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ በየሳጥኑ መሃል አንዲት ትንሽ አተም አለች። ይህች አተም በትክክል መሃሉ ላይ አትቀመጥም፤ ትንሽ ወደ ላይ ወይም ትንሽ ወደ ታች ትላለች። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲሉ የልባሱ አንድ ፊት ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይገለበጣል፤ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም የተገለበጠበትን ይዞ ይቆያል። ፌሮኤሌክትሪክ የሚሉት ይህንን ነው። መብራት ጠፍቶም የማይረሳ ዕቃ ይሠራበታል አለኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ ለባሕር ዳር ሕዝብ ነው የሚያስፈልገው አልኩት፤ ሳቀ።

ቀጠለና ውጥረት ወደሚለው ነገር ገባ። የእሱ ጥናት በሙሉ በዚህ ላይ ነው። ከሥር ያለችው ክሪስታል አተሞቿ ከልባሱ አተሞች ይልቅ ጠበብ ብለው የተቀመጡ ናቸው። ልባሱ ሲነጠፍባት በገዛ ስፋቴ ልቀመጥ ማለት አይችልም፤ የሥሩን ተከትሎ ከየጎኑ ይጨመቃል። ከጎን የተጨመቀ ነገር ወደ ላይ ይረዝማል። ሲረዝም መሃል ላይ ያለችው አተም ወደ ላይ የምትሄድበት ቦታ ታገኛለች፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ይበረታል፣ ሙቀት ቢነካውም ቶሎ አይጠፋም። «ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተጨናንቀን ስንቀመጥ ሁላችንም ጀርባችንን አቅንተን፣ ትከሻችንን ሰብስበን አይደል የምንሄደው?» አለኝ። ልባሱ ሲወፍር ግን ከላይ ያሉት መደዳዎች ይበዙና መጨመቁን አይችሉትም። ከሥር አንዱ መደዳ ይበጠሳል፤ ሁሉም ተንሸራቶ ወደ ገዛ ስፋቱ ይመለሳል። አንድ ሰው ከባጃጁ ሲወርድ የቀሩት ዘርጠጥ ብለው እንደሚቀመጡት ማለት ነው። ያን ጊዜ ቁመቱ ይጠፋል፣ ኤሌክትሪኩም ይደክማል። በእነሱ ፈሳሽ አንድና ሁለት ልባስ ኤሌክትሪክ ያሾልካል፤ አራትና አምስት ደግሞ ውጥረቱን ይለቃል። የሚይዘው ሦስት ነው።

ይህን ሁሉ ለእኔ፣ ለንብረት ቆጣሪው፣ በአማርኛ ደስ እያለው አስረዳኝ። ለውዴ የሚነግራት ግን ቁጥሩን ብቻ ነበር። ዛሬ ሁለት ይላታል፤ ዛሬ አምስት ይላታል፤ በሌላው ቀን አራት ይላታል። እሷም የተባለችውን ታደርጋለች። ውጤቱን ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ሲነጋገሩበት በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ አጠገባቸው ብርጭቆ ታጥባለች። ክፋት የለበትም። ሰው ሥራ ሲበዛበት ነገ እነግራታለሁ ይላል፤ ያ ነገ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ።

ሦስት የለበሰችው ክሪስታል የተሳካችለት ቀን ስክሪኑ ላይ ሞላላ ቀለበት ታየ። ኤሌክትሪኩን ሲያወጡና ሲያወርዱ ልባሱ በሄደበት መንገድ አይመለስም፤ ያለፈበትን ስለሚያስታውስ ዞሮ ይመጣል፤ ያ ዙሩ ነው ቀለበት ሆኖ የሚታየው። ውዴ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች። ክሪስታሏን ውጭ አገር ያለ ጓደኛው ጋ ልኮ በኤክስሬይ አስመረመራት፤ እንደተባለው አተሞቹ ከጎን ተጨምቀው ወደ ላይ ረዝመው ተገኙ። ለምርመራው ግን ተቆራርጣ አለቀች። ፈታኞቹም ጽሑፉን አንብበው ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቁ፤ በአንዲት ክሪስታል ላይ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ በሌላዋም ድገመውና አሳየን አሉት። አልተሳሳቱም። ትክክል የሆነ ነገር እንደዚህ ሲያናድደኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

የቀረችው ክሪስታል አንዲት ነበረች። ሌላ ለማዘዝ የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ዓመት ይፈጃል፤ ጓደኛውም ከነበረበት ቤተ ሙከራ ለቋል። ጊዜውም አልቆ ነበር። ሁለት ዓመት በወረርሽኝና በጦርነት ባክኖበት፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ መንገድ ሲዘጋ ሌላ ተጨምሮበት፣ ኮሌጁ ሁለቴ አራዝሞለታል። ከዚህ በኋላ አይራዘምም ተብሏል። ያቺ ጥፍር የምታህል ክሪስታል ቀለበቱን ካሳየች ክንዱ ዶክተር ነው፤ ካላሳየች ይህ ሁሉ ዓመት እንዳልነበረ ይቆጠራል። ውዴም ጡረታዋ በዚያው ክረምት ስለነበረ፣ እሱን አስመርቄ ነው የምወጣው ትል ነበር። ለዘጌዋ ኪዳነ ምሕረት ጥላ ተሳለች። በጀልባ ሄዳ ተስላ ስትመለስ፣ ለኦክሳይድ የተሳለች የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም ብዬ ሳቅሁባት። አንተ ደግሞ ስለት እንኳ ቢሆን አስፈርመህ ነው የምትሰጠው አለችኝ።

ፈሳሹን አበሰሉ። የመጨረሻው ዱቄት ተሟጦ የገባበት ነው፤ እኔ ራሴ የዕቃውን ጠርሙስ ባዶ ብዬ መዘገብኩት። ፈሳሹ አንዴ ተከፍቶ ካደረ ይረጋል፤ ስለዚህ ልባሶቹ በአንድ ቀን ተከታትለው ማለቅ አለባቸው። ክንዱ ውዴ ጠብታውን እየጣለችለት ሁለቱን አለበሰ። ሁለተኛዋ በጋለው ብረት ላይ እየደረቀች ሳለ ከማክሰኝት ስልክ ተደወለ። አባቱ ታመው ነበር፤ አሁን ነፍሳቸው ልትወጣ ነው፣ ስምህን እየጠሩ ነው አሉት። መንገዱ ሰንብቶ ያን ቀን ብቻ ተከፍቶ ነበር፤ ነገ ይከፈት አይከፈት ማን ያውቃል። ሰውዬው ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ውዴ ናት ካፖርቱን አውልቃ፣ ቦርሳውን አንግታ ያስወጣችው። አንድ ቀርታለች አላት፤ አውቃለሁ ሂድ አለችው። እኔም በሩ ላይ ነበርኩ፤ እንባው እየወረደ ሲያልፍ በሩን ያዝኩለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷ ነች በኋላ የነገረችኝ። ሦስተኛዋን ጣለች፤ አረፋ አልነበራትም፣ አሾረቻት፣ አደረቀቻት። ጠርሙሱን ልታጥብ ስታነሳው ሥሩ ላይ አንዲት ጠብታ የምትሆን ፈሳሽ ቀርታለች። አድራ ትረጋለች፣ ትደፋለች። ክሪስታሏ ደግሞ የመጨረሻዋ ናት፤ ባለቤቷ ክንዱም ሐዘን ላይ ነው። እትዬ አደይ ያሳደጓት ሰው እዚህ ላይ ምን ታደርጋለች። እስከ አምስት ድረስ ራሷ ስታለብስ ኖራለች፤ ይህቺ ክሪስታል አንዲት ጠብታ ብትጨመርላት ብትጠነክር እንጂ ምን ትሆናለች። እንደ ጆንያው አራግፋ ጣለችላት። ከዚያ እቶን አስገብታ፣ መስቀል አማትባ፣ በቀስታ አግላ በቀስታ አቀዘቀዘቻት። ሥራዋን ጨርሳ ወደ ግምጃ ቤቱ ስትመጣ ደስ ብሏት ነበር። የኪዳነ ምሕረትን ጥላ ቀለም ከአሁኑ እየመረጠች ነበር።

የክንዱ አባት አረፉ። መንገዱ ተዘግቶ ቆይቶ ሲከፈት ክንዱ ጥቁር ለብሶ፣ ራሱን ተላጭቶ ተመለሰ። እቤቱ እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው መጣ። ሽቦ የሚያያዝበትን የብር ቅብ አምጥቼለት ስለነበር እኔም እዚያው ቆምኩ። በልባሱ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ቀባ፣ ሽቦውን አገናኘ፣ ማሽኑን ከፈተ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን ያዘመመች መስመር ታየች። ቀለበት የለም፤ በሄደበት ነው የሚመለሰው። ሽቦ ቀየረ። ሌላ ነጥብ ሞከረ። ሁሉንም ነጥቦች ሞከረ። ማሽኑ ይሆናል ብሎ አጥፍቶ አበራው። መስመሯ እንደዚያው አዝማ ቆየች። ውዴ ወንበር አምጥታ ከኋላው አስቀመጠችለት፤ እሱ ግን አልተቀመጠም።

«እትዬ ውዴ፣ ስንት አለበሷት?» አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«አራት» አለች ፈገግ ብላ። «ሦስቷን እንዳልኸኝ ነው ያደረግሁት። ጠርሙሱ ሥር የቀረችውን ደግሞ መረቅሁልህ፤ የመጨረሻዋ አይደለችም?»

እኔ ዓሣ ስንበላ የነገረኝ ትዝ አለኝ። ክንዱ ዞር ብሎ አያት። እሷ አሁንም ፈገግ ብላ ነበር፤ ምስጋናዋን ትጠብቅ ነበር።

«ደግ አደረጉ» አላት።

ምነው አልሆነችም ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ እቶኑ ሲቀዘቅዝ መብራት ሄዶ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ዋሻት። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ሽቦውን ጠቅልሎ ወጣ። አመነችው። መብራት የሚሄድበት ከተማ ውስጥ ይህን የማያምን ማን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እያቆመች መብራትን ትረግም ጀመር። እኔም አብሬ ረገምኩ፤ ሌላ ምን ልበላት።

ክንዱ እንዲራዘምለት አንድ ጊዜ ደግሞ አመለከተ። ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሲል ውዴ ነጠላዋን አጣፍታ የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባች። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ መብራት ነው ያጠፋው፣ እኔ ምስክር ነኝ፣ ፈርሚ ካላችሁኝም እፈርማለሁ አለቻቸው። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ነገር አሳምሮ መናገር አይሆንላቸውም። መብራት አይደለም እትዬ አሏት፤ ክሪስታሏ አራት መልበሷን ክንዱ በጽሑፍ አስረድቷል፣ በሦስት መቆም ነበረበት፣ አራተኛው ነው ውጥረቱን ያስለቀቀው፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አልጻፈም። እሷ የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለች።

ወደ እኔ መጣች። ከግምጃ ቤቱ መደርደሪያ ሥር ካለው ሣጥን ላይ ተቀመጠችና ንገረኝ አለችኝ። አራተኛዋ ምንድነው ያደረገችው፣ ሳትደብቅ ንገረኝ። ነገርኳት። የመደዳዎቹን፣ የመጨመቁን፣ የባጃጁን ነገር እሱ እንደነገረኝ አድርጌ ነገርኳት። እያቋረጠች ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም በአንዴ ገባት። የቀለበቱም ነገር ገባት። ያን ቀን እልል ያለችለት ምን እንደነበረ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

«ይህ ይሄን ያህል የሚያስቸግር ነገር ነው?» አለችኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልነገረኝም?»

ያን ሰዓት ክንዱን ጠላሁት፤ ወዲያው ደግሞ ያ የተላጨ ራሱ ፊቴ ድቅን አለና መጥላቱም አቃተኝ።

በዚያው ሳምንት ክንዱ ቤት ሄደች። ድንጋይ ተሸክማ ልትገባ ነበር፤ ሚስቱ እሌኒ በሩ ላይ ደርሳ አስጣለቻት። እግሩ ላይ ወደቀች። አንሥቶ አቀፋት፤ እርስዎ ምን አጠፉ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አላት፤ ሁለቱም አለቀሱ። ይህን ስትነግረኝ፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ ቢሰድበኝ ያንን ይዤ እገባ ነበር አለችኝ። ኮሚቴው አላራዘመም። ክንዱ ዕቃውን ጠቅልሎ ሚስቱን ይዞ ማክሰኝት ገባ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል ብለውኛል። ያቺን ክሪስታል አልወሰዳትም። የቤተ ሙከራው መሳቢያ ውስጥ ተትታ ቀርታለች፤ የሚፈልጋት የለም። ስልክ ብደውልለት ደህና ነኝ ይለኛል። እንደለመድኩት «ዶክተር» የሚለው ስም ሊያመልጠኝ ሲል ምላሴን እነክሳለሁ።

ውዴ በክረምቱ ጡረታ ወጣች። ሸኘናት፤ ጋቢ ሸለምናት። ንግግር አድርጊ ቢሏት እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተቀመጠች። ጥላውን ለኪዳነ ምሕረት አልሰጠችም፤ ስለቱ አልሰመረ፣ ምን ብዬ እሰጣለሁ አለች። ኪራይ ቤቷን ለቃ መሸንቲ ገባች፤ ጡረታው ስለማይበቃት እናቷ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ምስር ትሸጣለች ሲሉ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ቢያንስ የሚያውቋት ሰዎች መሃል ነች፣ እየሳቀች እየቆለለች ትሰፍራለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ከሩቅ ነው ያየኋት። ጎረቤቶቿ ፊት ሴቶች ተሰብስበው ይገዛሉ፤ እሷ ፊት ማንም የለም። ቆሜ አየሁ። አንዲት እናት ልጅ አዝላ መጣች። ውዴ ጣሳውን ሞላች፤ ከዚያ መዳፏን በጣሳው አፍ ላይ ጠርጋ አስተካከለችው። የተቆለለው በሙሉ ጆንያው ውስጥ ተመለሰ። ሴትዮዋ ዘንቢሏን እንደከፈተች ጠበቀች። ምንም አልተጨመረላትም። በእናትሽ ጊዜ እንዲህ ነበር እንዴ ብላ እያጉረመረመች ሄደች። አጠገቧ ያለችው ነጋዴ፣ ከተማ ገብታ ነው ንፉግነት የተማረችው ስትል ሰማኋት። ልጣላት ብዬ ነበር፤ ምን ብዬ።

ቀርቤ ሰላም አልኳት። ሳመችኝ፤ ስለ ሰው ሁሉ ጠየቀችኝ፤ ስለ አንድ ሰው ብቻ አልጠየቀችኝም። ከስታለች። ሁለት ጣሳ ስፈሪልኝ አልኳት። ሞላች፣ ጠረገች፣ ገለበጠች፤ ሞላች፣ ጠረገች፣ ገለበጠች። እንድትስቅልኝ ብዬ ነው እንጂ ምስሩስ በቅቶኝ ነበር፤ ምርቃቱስ የታለ አልኳት። ሠላሳ ዓመት የሳቀችብኝን ሳቅ አንዴ ልስማው ብዬ ነው።

«ልኩ ይኸው ነው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

እስኪመሽ አብሬያት ተቀመጥኩ። ገበያው ሲበተን፣ ሸራው ሲጠቀለል፣ አንድ ጥቁር የለበሱ ሽማግሌ መጡ። የተዝካር ይሆን የሰልስት አልጠየቅናቸውም፤ ሐዘንተኛ መሆናቸው ግን ያስታውቃል። አንድ ጣሳ አሉ። ሰፈረችላቸው፣ በመዳፏ ጠረገችው፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ገለበጠችላቸው። ጆንያው ሥር ሁለት እፍኝ የሚሆን ቀርቷል። ሽማግሌው እንደ ድሮው መስሏቸው ነጠላቸውን ዘርግተው ትንሽ ቆሙ። የውዴ እጅ ጆንያው ጥግ ላይ ነበር። ከዚያ የጆንያውን አፍ አጥብቃ አሰረችና ተሸክማው ወደ ቤቷ ሄደች።